ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ቀለም፦ በአንዲት የአዲስ አበባ ህትመት ቤት የሰብሊሜሽን ወረቀት ምርጫ

ይህ የጉዳይ ጥናት በአዲስ አበባ፣ በአንድ መኖሪያ ግቢ ሰርቪስ ቤት ውስጥ የምትሠራ አነስተኛ የስጦታ ዕቃዎች ህትመት ቤት በ2016 ዓ.ም. የምረቃ ወቅት የገጠማትን የጥራት ችግር፣ የችግሩ ምንጭ እንዴት እንደተለየና በመጨረሻም ለየትኛው ሥራ የትኛው የሰብሊሜሽን ወረቀት እንደተመረጠ ያቀርባል። ሰብሊሜሽን ማለት በልዩ ወረቀት ላይ የታተመ ምስል በሙቀት ሲጫን ቀለሙ ወደ ማግ ወይም ወደ ጨርቅ የሚሻገርበት የህትመት ዘዴ ነው። የህትመት ቤቷም ሆነ ወረቀት ያቀረቡላት ነጋዴዎች ማንነት ለጉዳዩ ስለማያስፈልግ አልተጠቀሰም። እኔ ወደ ጉዳዩ የገባሁት በፕሪንተር ጥገና ሥራዬ ሲሆን፣ የተጠራሁትም «ፕሪንተሩ ቀለም እያደበዘዘ ነው» ተብሎ ነው።

የህትመት ቤቷ መሣሪያዎች በከተማዋ በሚገኙ ብዙ ተመሳሳይ ቤቶች የሚታዩት ናቸው፦ ለፎቶ ህትመት ተሠርቶ በኋላ ታንኩ የሰብሊሜሽን ቀለም የተሞላ ባለ 6 ቀለም ኤፕሰን ኤል1800፣ አንድ ጠፍጣፋ ሂት ፕሬስ (ወረቀቱን በሞቀ ሳህን ዕቃው ላይ የሚጫን መሣሪያ) እና አንድ የማግ ፕሬስ። ሥራው በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል የልደት፣ የሠርግና የድርጅት ማጎችን፣ የቁልፍ መያዣዎችንና የማውስ ምንጣፎችን ይመለከታል። ከግንቦት ጀምሮ ግን ሁሉም ነገር ምረቃ ይሆናል። ማጎቹ በአብዛኛው ተመራቂውን በጥቁር ጋውን የሚያሳይ ፎቶ ይሸከማሉ፤ የባች ቲሸርቶቹ ደግሞ በፊት ለፊታቸው የትምህርት ክፍሉን ዓርማ፣ በጀርባቸው የክፍሉን ተማሪዎች ሁሉ ስም በትንንሽ ፊደላት ይይዛሉ። ሰፊ ጥቁርና ደቃቅ ፊደል በአንድ ወቅት መምጣታቸው ለወረቀት ከሁሉ የከበደ ፈተና መሆኑ ኋላ ላይ ግልጽ የሆነ ነገር ነው።

ቅሬታዎቹ

ሰኔ ሲገባ ደንበኞች ሦስት ዓይነት ቅሬታ ይዘው መመለስ ጀመሩ። የመጀመሪያው በማጎቹ ላይ ጋውኑ ጥቁር መሆኑ ቀርቶ አመድማ መምሰሉና በውስጡም ውኃ የነካው የሚመስል ደብዛዛ ጠቃጠቆ መታየቱ ነበር። ሁለተኛው በቲሸርቶቹ ጀርባ ላይ ያለው ስም ሁሉ ከሥሩ ቀጭን ጥላ ይዞ መውጣቱ ነው፤ ከሩቅ የደበዘዘ ይመስላል፣ ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን እያንዳንዱ ስም ሁለት ጊዜ ተጽፏል፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ፀጉር በምታህል ርቀት ወደ ጎን ተንሸራትቶ። የግዕዝ ፊደል እንዲህ ያለውን ስሕተት አይሸሽግም። የ«ም» ትንሿ ቀለበት ተደፍና ነጥብ ትሆናለች፣ የ«ሜ» እና የ«ቤ» ቀለበቶች ይጠፋሉ፤ አንድ ተማሪ ስሙን ከጓደኛው ስም መለየት ሲያቅተው ቲሸርቱን ይመልሳል፣ አይፈረድበትም። ሦስተኛው ቅሬታ ጥቂት ሰዎች ብቻ ያስተዋሉት ነበር፤ በጥቁሩ ጋውን ላይ ከላይ እስከ ታች በተስተካከለ ርቀት የተደረደሩ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ይታዩ ነበር።

የህትመት ቤቷ ባለሙያ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ለሁሉም ሥራ የምትጠቀመው አንድ ዓይነት ወረቀት ነበር። ማሸጊያው ላይ የአምራች ስም የሌለው፣ «120 ግራም» የሚል ብቻ የተጻፈበት፣ ዋጋው ከሌሎቹ ዝቅ ያለ የኤ4 ወረቀት ነው። በበጋው ወራት ቅሬታ ስላላስከተለ ማንም አልጠረጠረውም፤ ጥርጣሬው ሁሉ በፕሪንተሩ ላይ ወደቀ።

ከፕሪንተሩ ወደ ቅርጫቱ

ኖዝል ቼክ የሚባለው የፕሪንተሩ መፈተሻ ህትመት ሲወጣ የ6ቱም ቀለሞች መስመሮች ሳይቆራረጡ ታዩ፤ ስለዚህ ቀለሙን የሚረጨው የፕሪንተሩ «ሄድ» ንጹሕ ነበር። ቀጥሎ ሂት ፕሬሱ ተፈተሸ። የኤሌክትሪክ ኃይሉ በምሽት ሲወርድ ፕሬሱ የተሞላለትን ሙቀት ለመድረስ ይዘገያል፤ አንዳንዴም ማሳያው 200 ዲግሪ እያለ የሳህኑ ጠርዝ ከዚያ በታች ሆኖ ይገኛል። በመሆኑም የሳህኑ መሐልና አራቱም ማዕዘኖች በሙቀት መለኪያ ተለኩ። ጠርዙ ከመሐሉ ጥቂት ዲግሪ ዝቅ ቢልም ልዩነቱ ለሰብሊሜሽን ከተለመደው ከ180 እስከ 210 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ክልል የሚያስወጣ አልነበረም። ጥቁር ቀለም በቂ ሙቀት ሳያገኝ ሲቀር እንደሚደበዝዝ፣ ከመጠን በላይ ሲጋገር ደግሞ ወደ ቡናማ እንደሚያደላ ስለሚታወቅ፣ ሰዓቱ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ተደርጎ ተሞከረ። ጥቁሩ ሲቆይ ቡናማ ሆነ፣ ሲያጥር አመድማ፤ በመሐል ያለው ጥሩ ጥቁር ግን በየትኛውም ሰዓት ላይ አልተገኘም።

ነገሩን የፈታው ከጠረጴዛው ሥር የነበረው የቆሻሻ ቅርጫት ነው። ተጭነው የተጣሉት ወረቀቶች ሲወጡና ሲዘረጉ በላያቸው ላይ ያለው ፎቶ ገና አልጠፋም ነበር፤ ጋውኑ፣ ቆቡ፣ ፊቱ ሳይቀር ይታያል፤ አንዳንዱ ወረቀት ከታተመበት ማግ እምብዛም የማይለይ ነበር። ጥሩ ሆኖ የተላለፈ ህትመት በወረቀቱ ላይ የሚተወው ገርጣ ያለ የምስል ቅሪት ብቻ ነው። ይበልጥ አሳማኝ የሆነው ግን ሌላ ምልክት ነበር። ቲሸርት ሲጫን ከላይ የሚደረበው መከላከያ ወረቀት ላይ የስሞቹ ዝርዝር ተላልፎ በግልጽ ይነበብ ነበር፤ ቀለሙ ወደ ጨርቁ ብቻ መሄድ ሲገባው በወረቀቱ ጀርባ በኩል ሾልኮ ወደ ላይም ወጥቷል ማለት ነው። ይህ የፕሪንተር ችግር ሊሆን አይችልም።

ወረቀቱ ምን እንዲሠራ ይጠበቃል

የሰብሊሜሽን ቀለም በውኃና በግላይኮል መሰል ፈሳሾች ውስጥ የተበተኑ ደቃቅ የቀለም ቅንጣቶች ናቸው። ቅንጣቶቹ በሙቀት ኃይል ፈሳሽ ሳይሆኑ በቀጥታ ወደ ጋዝ ይለወጣሉ፤ በዚያው ሙቀት የላላው ፖሊስተር ውስጥ ገብተው ሲቀዘቅዝ እዚያው ይታሰራሉ። ጥጥ ይህን አያደርግም፤ ማግም ራሱ ሸክላው ሳይሆን በላዩ የተቀባው የፖሊመር ልባስ ነው ቀለሙን የሚይዘው። ወረቀቱ በዚህ መሐል ያለው ሥራ እርስ በርሱ የሚቃረን ይመስላል። በመጀመሪያ ፈሳሹን ወደ ውስጡ ስቦ ህትመቱ ሳይፈስና ሳይሰፋ እንዲደርቅ ማድረግ አለበት፤ የቀለሙን ቅንጣት ግን ወደ ውስጥ ማስገባት የለበትም፣ ላዩ ላይ ማቆየት አለበት። ከዚያ ሙቀቱ ሲመጣ የያዘውን ሁሉ መልቀቅ፣ ያውም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ መልቀቅ ይጠበቅበታል።

ይህን የሚያደርገው የወረቀቱ አካል ሳይሆን በአንድ ፊቱ ላይ የተቀባው ልባስ ነው። ልባሱ ሳስቶ ወይም ሳይስተካከል ሲቀባ ቀለሙ እስከ ወረቀቱ ጭረቶች (ቃጫዎች) ድረስ ይሰምጣል፤ የሰመጠው ቀለም በሙቀት ጊዜ ከፊሉ እዚያው ይቀራል፣ ከፊሉ በጀርባ ይወጣል። በገበያው ያሉት ልባሶች በጥቅሉ ሁለት ጠባይ አላቸው። አንደኛው ፈሳሹን ሲቀበል እንደ ሙጫ የሚያብጥ ሲሆን፣ ቀለሙን ላዩ ላይ አጥብቆ ስለሚያቆይ ሲጫን አብዛኛውን ይለቃል፤ ግን ቀስ ብሎ ይደርቃል። ሁለተኛው በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ፈሳሹን ወዲያው ስለሚጠጣው ህትመቱ ከፕሪንተሩ ሲወጣ ደርቆ ይወጣል፣ ጠርዙም ስል ይሆናል፣ ነገር ግን በሰፊ ጥቁር ላይ ከመጀመሪያው ያነሰ ይለቃል። ከሁለቱ ተለይቶ የሚቆመው በገበያው ታኪ የሚባለው ወረቀት ነው፤ ልባሱ ሲሞቅ ትንሽ ስለሚጣበቅ ጨርቁን ይዞ አብሮት ይቆያል።

ክብደቱ የሚያገለግለው ለሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ፈረንሳዊው ኖኤል ደ ፕላስ የዚህን ዓይነት ማስተላለፍ ካገኘ በኋላ ዘዴው ያደገው በጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪ ውስጥ ስለሆነ፣ ዛሬም ትልልቅ ፋብሪካዎች በጥቅል የሚያሳልፉት ወረቀት በካሬ ሜትር ከ30 እስከ 60 ግራም ድረስ የሚወርድ ቀጭን ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ፕሪንተር ግን ሉህ በሉህ ስለሚስብ እንዲህ ያለውን ስስ ወረቀት በቀላሉ አይጎትትም፤ ብዙ ቀለም ሲወርድበትም ወረቀቱ ይጨማደድና ሄዱን ይነካል። ለጠረጴዛ ፕሪንተር የሚሸጡት እንደ ቴክስፕሪንትና ኤ-ሰብ ያሉት ከ100 ግራም በላይ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ከባድ ወረቀት ሁሉ ብዙ ይለቃል የሚለው በነጋዴዎች ዘንድ የተለመደ አባባል ግን ትክክል አይደለም፤ ወፍራም ሆኖ ልባሱ ደካማ የሆነ ወረቀት በብዛት አለ።

በገበያው የተገኙት

ባለሙያዋ ከመርካቶና ከፒያሳ ሱቆች ናሙና ስትሰበስብ በመጀመሪያ የተሰጣት ወረቀት ጭራሹን የሰብሊሜሽን አልነበረም። ነጋዴው «ትራንስፈር ወረቀት ነው እህቴ፣ ለሁሉም ይሆናል» ብሎ የሸጠላት ለጥጥ ቲሸርት የሚሠራው ዓይነት ነው፤ ይህኛው በተራ ቀለም ታትሞ ሲጫን እንደ ስስ ፕላስቲክ ሆኖ ጨርቁ ላይ የሚቀር ፊልም ነው። ሁለቱም በአንድ ስም፣ ብዙ ጊዜም በአንድ መደርደሪያ ላይ ይሸጣሉ። የሰብሊሜሽን ወረቀት ግን ተላጦ የሚወጣ ምንም ነገር የለውም፤ የሚሻገረው ቀለሙ ብቻ ነው፤ ይህን መጠየቅ ከገንዘብ ኪሳራ ያድናል።

ከዚያ በኋላ ለሙከራ የቀረቡት አራት ናቸው፦ የቀድሞው ስም የለሽ ወረቀት፣ የሚያብጥ ልባስ ያለው ባለ 125 ግራም የኤ4 ወረቀት፣ ቶሎ የሚደርቅ ባለ 105 ግራም ወረቀትና በጥቅል የሚሸጥ ታኪ ወረቀት።

ወደ ህትመት ከመግባታችን በፊት ክብደታቸው ተመዘነ፤ ዘዴው ቀላል ስለሆነ ለማንም ይጠቅማል። 16 የኤ4 ሉሆች አንድ ላይ ሲሆኑ 1 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አላቸው፤ ስለዚህ 16 ሉህ በትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ቢቀመጥ የሚነበበው ግራም የወረቀቱ ክብደት በካሬ ሜትር ነው። «120 ግራም» የተባለው የቀድሞው ወረቀት በዚህ ሚዛን ከ100 በታች ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ የታወቀ ስም ያላቸው ወረቀቶች ከተጻፈባቸው ቁጥር ብዙም አልራቁም። የማሸጊያ ቁጥር የማይታመን ከሆነ ስለ ልባሱ የሚጻፈው ሁሉ እንዴት ሊታመን እንደሚችል ለአንባቢ ልተወው።

የልባሱን ፊት መለየትም አስፈላጊ ነው። በብዙ ወረቀቶች ላይ ጀርባው ቢጫ ወይም ሮዝ የሚያደላ ቀለም አለው ወይም ምልክት ታትሞበታል፤ ምልክት በሌለው ላይ ግን የሉሁ ጥግ በረጠበ ጣት ሲነካ ትንሽ የሚጣበቀው ፊት ልባስ ያለው ነው። በቀድሞው ወረቀት ላይ ሁለቱም ፊት በጣት ሲነኩ አንድ ዓይነት ስሜት መስጠታቸው ልባሱ ምን ያህል የሳሳ እንደነበር ያሳያል።

ሙከራው

ለሙከራው አንድ ገጽ ተዘጋጀ፦ ሙሉ ጥቁር አራት ማዕዘን፣ ከነጭ እስከ ጥቁር የሚሄድ የግራጫ እርከን፣ የአንድ ተመራቂ ፊት፣ እንዲሁም ከ6 እስከ 14 ፖይንት ድረስ እየተለቀ የሚሄድ የአማርኛ ስም ዝርዝር። አራቱም ወረቀቶች ላይ በአንድ ዓይነት ቅንብር፣ ማለትም በማት (በማያብለጨልጭ) ወረቀት ምርጫ፣ በከፍተኛ ጥራትና ተገልብጦ ታተመ። ጨርቁ በ195 ዲግሪ ለ50 ሰከንድ፣ ማጉ በ190 ዲግሪ ለ180 ሰከንድ ተጫነ። ለማጉ ከዚህ በፊት ተበላሽተው የቀሩ ማጎች ያልታተመ ጎናቸው አገልግሏል፤ ባዶ ማግ ለሙከራ ማጥፋት አስፈላጊ አልነበረም።

ገና ሳይጫኑ ባለሙያዋ ከሁሉ ይበልጥ የወደደችው የቀድሞውን ወረቀት ህትመት ነበር፤ ይህ መታወቅ ያለበት ነጥብ ነው። የሰብሊሜሽን ቀለም ወረቀት ላይ ሲታይ ደብዘዝ ያለ፣ ጥቁሩም ግራጫ የሚመስል መሆኑ ተፈጥሮው ነው፤ ሙሉ ቀለሙ የሚወጣው ከሙቀት በኋላ ነው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ የታተመ ናሙና እያሳዩ «ይኼ ደምቆ ይወጣል» የሚሉ ሻጮች የሚያሳዩት ነገር ለምርጫው ፋይዳ የለውም።

ባለ 125 ግራሙ ወረቀት በማጉ ላይ ያወጣው ጥቁር ከሌሎቹ ሁሉ ጎልቶ የሚታይ ነበር፤ የተጫነው ወረቀት ላይም ገርጣ ያለ ቅሪት ብቻ ቀረ፣ ጀርባው ንጹሕ ነበር። ችግሩ የመጣው ከማድረቅ ነው። ሰፊው ጥቁር ገና ሳይደርቅ ወረቀቱ ሲወጣ በፕሪንተሩ መውጫ ላይ ያሉት ጥርስ ያላቸው ትንንሽ ጎማዎች ይረግጡታል፤ በሦስተኛው ቅሬታ ላይ የተጠቀሱት በመስመር የተደረደሩ ነጠብጣቦች የእነዚህ ጎማዎች ዱካ ነበሩ። የቀለሙ መጠን በፕሪንተሩ ቅንብር ትንሽ ሲቀነስ ዱካው ጠፋ፤ ጥቁሩ ግን አልተጎዳም፣ ምክንያቱም ወረቀቱ የተሰጠውን አብዛኛውን ስለሚለቅ ከመጀመሪያውም ያን ያህል ቀለም አያስፈልገውም ነበር። የቀድሞው ወረቀት ላይ ባለሙያዋ ጥቁሩን ለማጥቆር ቀለም ደጋግማ ስትጨምር የቆየችው ለወረቀቱ ጭረት ነበር ማለት ይቻላል፤ ታንኩም በዚያው ልክ ቶሎ ያልቅ ነበር።

ባለ 105 ግራሙ ደርቆ ወጣ፤ የጎማ ዱካም የለበትም። በማጉ ላይ ጥቁሩ ከ125 ግራሙ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ጎን ለጎን ካልተያዙ በስተቀር የሚያስተውለው ሰው ጥቂት ነው። በጨርቁ ላይ ግን የስም ዝርዝሩ እስከ 8 ፖይንት ድረስ የ«ም» ቀለበት ሳይደፈን ተነበበ፤ 6 ፖይንት በየትኛውም ወረቀት ላይ አልተሳካም። በፖሊስተር ቲሸርት ላይ ሌላም ጥቅም ታየ። ወፍራም ወረቀት በፕሬሱ ኃይል ጠርዙን በጨርቁ ላይ ይቀርጸዋል፤ ያ የአራት ማዕዘን መስመር ከታጠበም በኋላ ላይለቅ ይችላል። ባለ 125 ግራሙ ይህን መስመር በግልጽ ሲተው ባለ 105 ግራሙ በቀላሉ የማይታይ አድርጎታል፤ የወረቀቱ ዳር በመቀስ ከመቆረጥ ይልቅ በእጅ ሲቀደድ ደግሞ ጨርሶ ጠፋ።

ታኪው ወረቀት በጨርቁ ላይ የገባውን ቃል ጠብቋል። የስሞቹ ጥላ የሚመጣው ፕሬሱ ሲከፈት ወረቀቱ ገና ቀለም እየለቀቀ ሳለ በመንሸራተቱ ወይም የሞቀው ጨርቅ በመሸብሸቡ ስለሆነ፣ ተጣብቆ የቆየው ወረቀት አንድም ድርብ ፊደል አላወጣም። በማጉ ላይ ግን ልባሱ ከማጉ ልባስ ጋር ተጣብቆ ሲላቀቅ ቁራጭ ጥሎ ቀረ፤ ለማግ አይሆንም።

ምርጫውና ሒሳቡ

ለማግና ለቁልፍ መያዣ ባለ 125 ግራሙ ያለ ብዙ ክርክር ተመረጠ። ክርክር ያስነሳው የቲሸርቱ ነው። ባለሙያዋ ታኪውን ፈለገች፤ ድርብ ስም ያመጣባት ኪሳራ ገና ከአእምሮዋ አልወጣም። እኔ ግን ባለ 105 ግራሙን መክሬያለሁ። ታኪው የሚገኘው በሰፊ ጥቅል ስለነበር በእጅ እየተለካ ወደ ኤ3 መቆረጥ ነበረበት፤ በእጅ የተቆረጠ ወረቀት ደግሞ ወደ ኤል1800 ሲገባ ትንሽ ካጋደለ የስም ዝርዝሩን አብሮ ያጋድለዋል። ባለ 105 ግራሙ በአራቱ ጥግ ሙቀት በሚቋቋም ፕላስተር ከቲሸርቱ ጋር ሲያያዝ፣ ቲሸርቱም አስቀድሞ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ እርጥበቱና ሽብሽቡ ሲወጣለት ጥላው አልታየም። ታኪው እንዲቀመጥ የተደረገው ለሚለጠጥ የስፖርት ማሊያ ነው፤ ማሊያ ፕላስተር ተደርጎበትም ይሸሻል። ይህ ምርጫ በወረቀቱ ጥራት ፋንታ የሚጭነውን ሰው ጥንቃቄ የሚጠይቅ ስለሆነ ብዙ ሠራተኛ ላለው ቤት ላልመክረው እችላለሁ፤ አንድ ሰው ብቻ በሚጭንበት ቤት ግን ይሠራል።

ቲሸርቶቹን በተመለከተ ከወረቀት ውጭ የሆነ አንድ ጉዳይ መነሳት ነበረበት። ከተመለሱት ውስጥ የተወሰኑት 65 በመቶ ፖሊስተር፣ 35 በመቶ ጥጥ የሆኑ ነበሩ። በእነዚህ ላይ ቀለሙ የሚይዘው ፖሊስተሩን ብቻ ስለሆነ በጥጡ ላይ የተቀመጠው ሲታጠብ ይሄዳል፤ የትኛውም ወረቀት ይህን አይለውጠውም። ባለሙያዋ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ስትቀበል ቀለሙ ከታጠበ በኋላ እንደሚገረጣ አስቀድማ ለደንበኛ ትናገራለች።

ስለ ዋጋ ስናስብ የወረቀቱን ዋጋ ከሌላ ወረቀት ዋጋ ጋር ማነጻጸር ያሳስታል፤ መነጻጸር ያለበት ከሚታተምበት ዕቃ ዋጋ ጋር ነው። የተለመደው ማግ የህትመት ቦታ 20 ሴንቲ ሜትር በ9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ኤ4 ሉህ ላይ 3 የማግ ምስል ይገባል። ስለዚህ የተሻለው ወረቀት በሉህ 6 ብር ቢበልጥ እንኳ በአንድ ማግ ላይ የሚጨምረው 2 ብር ነው። አንድ የተበላሸ ማግ ግን ባዶ ማጉን፣ ቀለሙን፣ የፕሬሱን መብራትና የደንበኛውን ትዕግሥት ይዞ ይሄዳል። ይህ ሒሳብ ከምረቃው ወቅት በኋላ ይበልጥ ከበደ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከዚያ በፊት በ57 ብር አካባቢ የነበረው 1 የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ባዶ ማጉ፣ ቀለሙና ወረቀቱም ሁሉም ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ርካሽ ወረቀት የመግዛት ፈተናው በዚህ ጊዜ እንደሚበረታ ይገባኛል፤ የሚያስከትለው ብልሽት ግን በዚያው ልክ ይወደዳል።

ወረቀት መለወጥ ያመጣው ያልተጠበቀ ሥራ ደግሞ የቀለም ሚዛን ነው። በቀድሞው ወረቀት ላይ የተስተካከለው ቅንብር በአዲሱ ላይ የሰዎችን ፊት ወደ ቀይ አደላው፤ ብዙ ቀለም የሚለቅ ወረቀት ሁሉንም ቀለም እኩል አያበዛም። የቀለም ፕሮፋይል (ቀለሞቹ በትክክል እንዲወጡ የሚያደርግ የማስተካከያ ፋይል) የሚሠራው ለአንድ ፕሪንተር፣ ለአንድ ቀለምና ለአንድ ወረቀት ጥምረት ስለሆነ፣ ስሙ ካልታወቀ ጠርሙስ የሚቀዳ ቀለም ደግሞ ፕሮፋይል ስለሌለው፣ የፊት ቀለም በዓይን እየታየ ከታተመ ማግ ጋር እየተነጻጸረ ተስተካከለ፤ ለእያንዳንዱ ወረቀት የተለየ ቅንብር በየስሙ ተቀመጠ። ጠይም ፊትን በትክክል ማውጣት ከጥቁር ጋውን ይልቅ ጊዜ ወስዷል።

ክረምቱና ማስቀመጫው

በበጋ ያልታየው ጠቃጠቆ በሰኔ ለምን መጣ የሚለው ጥያቄ በወረቀት ለውጥ ብቻ አልተመለሰም። የተከፈተው እሽግ የሚቀመጠው በመስኮቱ ሥር ባለ መደርደሪያ ላይ ነበር፤ የሰርቪስ ቤቱ ግድግዳም በዝናብ ወራት ይረጥባል። ወረቀት ከአየር ላይ እርጥበት ይወስዳል። በ190 ዲግሪ ሲጫን ያ ውኃ በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና ቀለሙን ጋዝ ሆኖ ቀጥ ብሎ እንዳይወርድ ወደ ጎን ይገፋዋል፤ በጨርቅ ላይ ጠርዝ ይደበዝዛል፣ እንፋሎቱ መውጫ በማያገኝበት ማግ ላይ ደግሞ ጠቃጠቆ ይቀራል። ይህን ለማረጋገጥ ከተመረጠው ባለ 125 ግራም ወረቀት አንዱ ሉህ ዝናብ በበዛበት ሌሊት በመስኮቱ ሥር አደረ፣ ሌላው በታሸገበት ቆየ። ጠዋት ሁለቱም ላይ ያው ምስል ታትሞ ተጫነ። ያደረው ሉህ ምስል የቀድሞው ስም የለሽ ወረቀት ያወጣው የነበረውን ጠቃጠቆ አወጣ፤ የታሸገው ንጹሕ ሆነ። ጥሩ ወረቀት ገዝቶ መስኮት ሥር ማስቀመጥ ገንዘብ ማባከን እንደሆነ ባለሙያዋን ያሳመናት ይህ ሙከራ ነው።

ለወረቀት የሚመከረው የአየር እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ነው። መለኪያም ሆነ አየር ማድረቂያ መግዛት ለዚህ ቤት አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም። ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ሳጥን ተገዛ፤ ውስጡም ከጫማ ካርቶኖች የተሰበሰቡ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ገቡ። እሽጉ ከሳጥኑ የሚወጣው ለዕለቱ የሚበቃውን ያህል ለመቁጠር ብቻ ሆነ። የታተመው ሉህም ወዲያው አይጫንም፤ ለእጅ ደረቅ እስኪሆን ይቆይና ከተከፈተው ፕሬስ በታች ለጥቂት ሰከንዶች ሳይነካ ይያዛል። በጣም ደርቆ መሄድም ችግር ስላለው፣ በተለይ በታኅሣሥና በጥር ወረቀቱ ጥጉ እየተጠቀለለ ፕሪንተሩ ውስጥ ሄዱን ሊነካ ስለሚችል፣ በእነዚያ ወራት ከረጢቶቹ ከሳጥኑ ይወጣሉ።

በሚቀጥለው የምረቃ ወቅት ከ«120 ግራም» ወረቀት የተረፈው እሽግ አልተጣለም፤ ዲዛይን ለደንበኛ ለማሳየትና ኖዝል ቼክ ለማተም ያገለግላል። ያልተፈታው ጉዳይ የአቅርቦቱ ነው። አንድ ስም የያዘ ማሸጊያ ከአንድ ጭነት ወደ ሌላው ሲሸጋገር ውስጡ ያለው ወረቀት ሊለያይ እንደሚችል ከሁለተኛው ግዢ ላይ ታይቷል፤ ባለ 125 ግራሙ ያው ስም፣ ያው ማሸጊያ ይዞ መጥቶ በሚዛን ቀለል ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ አዲስ እሽግ በተገዛ ቁጥር 16 ሉህ ይመዘናል፣ ያው የሙከራ ገጽ ይታተማል፣ በቁራጭ ፖሊስተር ላይ ተጭኖ የተረፈው ወረቀትና ከላይ የተደረበው መከላከያ ወረቀት ይታያሉ፤ ባለሙያዋም አሁን ነጋዴውን ሙሉ እሽግ ከመግዛቷ በፊት ጥቂት ሉህ ለናሙና ትጠይቀዋለች፣ እምቢ ካለም ከሌላ ሱቅ ትገዛለች።